ከሦስተኛ ፎቅ በላይ

«እትዬ ትኩሳት» የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። በአንድ እጇ የግንባር ሙቀት መለኪያውን፣ በሌላው ቅጽ የተቆነጠጠበትን ሰሌዳ ይዛ ጥግ ላይ ብቅ ስትል፣ «እትዬ ትኩሳት መጣች!» እያሉ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ስሙ ከልጆቹ ወደ እናቶቻቸው፣ ከእናቶቹ ወደ ጤና ቢሮው ዘበኞች ተዛመተ፤ በመጨረሻ አለቃዋም በስብሰባ ላይ ሳያስበው አመለጠው። እሷ አልተቀየመችም። መቀየምም አቅም ይጠይቃል፤ ያላትን አቅም ደግሞ ደረጃው ይወስደዋል።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። አዲስ በሽታ ሲነሣ ከታመመው ሰው ጋር የተነካካው ሁሉ ስሙ ይመዘገባል። እሷ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በየቀኑ እየሄደች ሙቀቱን ለክታ ትጽፋለች። ትኩሳት ካለ ትደውላለች፤ መኪና መጥቶ ሰውየውን ወደ ለይቶ ማቆያ ይወስደዋል። ከሌለ በሃያ አንደኛው ቀን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብላ ትሰናበተዋለች። ዶክተሮቹ ቫይረሱን በማጉያ መነጽር ሲያዩ፣ እሷ የምታየው የሰው በር ነው። የተከፈተ፣ የተዘጋ፣ ሰው እያለበት የለም የሚባልበት በር።

ይህ በዕድሜዋ ሦስተኛው ወረርሽኝ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ወጣት ነበረች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣ ነበር፤ ሰዉም ይፈራትና ያከብራት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ባሏ፣ «አንቺ ያገባሽው የሰው ትኩሳት ነው» ብሎ ጥሏት ሄደ፤ ውሸቱን አይደለም። በሦስተኛው ደግሞ ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። በሽታው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ስሙ አዲስ፣ ቅጹ አዲስ፣ አለቃው አዲስ። አሮጌዋ እሷ ብቻ ናት።

የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህቷ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። በሽታው ከገባ ወዲህ የሚያገባ ሰው ስለጠፋ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስትተች ትውላለች። ስለዚህ ቤቱን ያቆመው የእትዬ ትኩሳት ሥራ ነው፤ እሱም በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል።

የደረሳት ሰፈር አሮጌ ፎቆች የተደረደሩበት ነው። አምስት አምስት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። አንዱ ሕንፃ ላይ ለአሳንሰር የተተወ ጉድጓድ አለ፤ ነዋሪው የተሰበረ አልጋና የአሮጌ ወንበር እግር ሞልቶበታል። በቀን አሥራ ስምንት ቤት ማዳረስ አለባት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቷ አብጦ እንደ ዳቦ ተነፋ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማን እንደጀመረው በማይታወቅ ሁኔታ፣ አንድ ልማድ ገባ። እሷ ከታች ትጣራለች፤ ከላይ ያሉት በረንዳ ላይ ብቅ ብለው፣ «ደህና ነን፣ አትድከሚ!» ይሏታል። እሷም ትጽፋለች።

ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ያለው አንድ ሳጥን ነው፤ «በሠራተኛ የተለካ» ይላል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በሕይወቱ ፎቅ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስልም። እሷ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ታደርጋለች። ጓደኞቿም እንደዚያው ያደርጉ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

በአንደኛው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጡረታ ወጡ ማለት ሱቁን ዘጉ ማለት እንጂ የሰው ሰዓት መጠገን አልተዉም። ሰዓት ሊያሠራ የመጣ አንድ ደንበኛቸው በማግሥቱ ታሞ ስለተገኘ ባልና ሚስቱ በአንድ ላይ ተመዘገቡ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ትኩሳት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ከላይ በደረጃው መደገፊያ ላይ አጎንብሰው አዩዋት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ጉልበቴ ነው አባባ። ትንሽ አርፌ እመጣለሁ።»

«አትምጪ፣ አትምጪ። እኔ ቤት ቴርሞሜትር አለ። ለክቼ ከበረንዳ እነግርሻለሁ። አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ሙቀቴን ማንበብ ያቅተኛል?»

ይህ አነጋገር አሳመናት። ሌላው ሰው «ደህና ነን» ብሎ ይሸኛታል፤ እኚህ ግን ቁጥር ይሰጧታል። የሰዓት ሠሪ ቁጥር ደግሞ ቁጥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ አራት ሰዓት ላይ ሳትጣራ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ነገር ወደ ብርሃን ከፍ ያደርጋሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነባሉ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት! እሷ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሦስት! ዱሮም ቀዝቃዛ ናት!»

ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ «ሰማሁህ!» ይላል።

እትዬ ትኩሳት ትስቃለች። በቀን የምትስቀው እዚያች በረንዳ ሥር ብቻ ነበር። በማግሥቱ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት፣ በሠልስቱ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። እየሳቀች ትጽፋለች፤ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ታደርጋለች፤ ወደሚቀጥለው ሕንፃ ታነክሳለች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ በረንዳው ባዶ ሆነ። ተጣራች፤ መልስ የለም። ያን ዕለት ወጣች፤ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ሰዓት ሠሪው ወለል ላይ ተኝተው ነበር። መለኪያዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አለ። መኪናው መጥቶ ወሰዳቸው፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለሚስታቸው ለእማማ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀመረ። በሽታው የራሱ ቀልድ አለው፤ በአንድ ትራስ የተኙትን እማማን አልነካቸውም። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ዓመታት አልፎታል። ዓይነ ስውር ደግሞ ከበረንዳ ቁጥር አያነብም፤ ስለዚህ እትዬ ትኩሳት ምክንያት አጣች። ጉልበቷን በእህቷ የሙሽራ ጨርቅ ቁራጭ ጥፍር አድርጋ እያሰረች በየቀኑ መውጣት ጀመረች። ሰማንያ ሁለት ደረጃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ተቀምጣ ታርፋለች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጥናት ክፍሉ ዶክተር አስጠራት።

ዶክተሩ ከእሷ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ ዓይኖቹ ግን ከእሷ ዓይን ጋር እኩያ ሆነዋል። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ሳይበላ የደረቀ ዳቦ አለ። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ከዚህ በፊት ወንበር የሳበላት አለቃ ስላልነበር ደነገጠች።

«ይቀመጡ እትዬ። ላመሰግንዎት ነው የጠራሁዎት።» አንድ ወረቀት ዘረጋላት። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነበር። «የሌሎቹን ሠራተኞች መዝገብ አይቻለሁ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት፣ እስከ ታች ድረስ። ይህ መለካት አይደለም፤ መቅዳት ነው። የእርስዎን ሰዓት ሠሪ ግን ይዩት። አምስት፣ ሰባት፣ አራት፣ ስምንት። የጤነኛ ሰው ሙቀት እንዲህ ነው የሚወጣው የሚወርደው። በእጅ የተለካ መሆኑ ያስታውቃል።»

እሷ አቀረቀረች። ዶክተሩ ትሕትና መሰለው።

ከዚያ ነገሩን አስረዳት። ስለዚህ ቫይረስ ማንም የማያውቀው ትልቁ ጥያቄ፣ ሰው ትኩሳት ሳይጀምረው ለሌላው ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም የሚለው ነው። በየፋብሪካው በር፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአውቶቡስ ጣቢያው የሰው ግንባር የሚለካው ያለ ትኩሳት አይተላለፍም ተብሎ ነው። እንግዲህ የሰዓት ሠሪው ጎረቤት፣ ከአራተኛ ፎቅ ዳቦ ይዛላቸው የገባችው ሴት፣ ታማለች። እቤታቸው የገባችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን። በማግሥቱ ልጇ ዘንድ ሄዳ ሰነበተች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሰዓት ሠሪው ሙቀት ስንት ነበር? ዶክተሩ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።

«ገባዎት? ያለ ትኩሳት አስተላልፈዋል ማለት ነው። በየበሩ የምንለካው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ለወረርሽኝ ኮሚቴው አቀርባለሁ። ትምህርት ቤቱም ፋብሪካውም ይዘጋ እላለሁ። ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉኝ፤ መረጃቸው ግን ያጠራጥራል። እኔ የቆምኩት በእርስዎ ቁጥሮች ላይ ነው።»

እትዬ ትኩሳት አመስግና ወጣች። በመንገድ ላይ ራሷን ታባብላለች። ምን አጠፋሁ? እኔ ብለካው እሳቸው ቢለኩት ቴርሞሜትር ቴርሞሜትር ነው። ያውም የእኔ መለኪያ ባትሪው ሲደክም ይቀላምዳል፤ የእሳቸው ባትሪ አያውቅም። ያውም ሰዓት ሠሪ ናቸው። እንዲህ እያለች ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። እዚያ ተቀምጣ ሳለ ልቧ አንድ ነገር አላት። ቴርሞሜትሩን በዓይኗ ልታየው ፈለገች።

እማማን ለካች፤ ጻፈች። ከዚያ፣ «እማማ፣ የአባባ ቴርሞሜትር የት ነው ያለው?» አለቻቸው።

«የምን ቴርሞሜትር?»

«ከበረንዳ ያነብቡልኝ የነበረው።»

አሮጊቷ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ተነሡ፤ ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ነገር አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ቀጭን የብረት ወረንጦ ነበር፤ የሰዓት ጥርስ የሚነሣበት።

«በዚህ ቤት ቴርሞሜትር ኖሮ አያውቅም ልጄ» አሏት።

ከአምስተኛ ፎቅ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ቴርሞሜትር ነው። እትዬ ትኩሳት ወረንጦውን እያገላበጠች አየችው፤ አሥራ አራት ቀን አንጋጣ ያየችው እሱ ነው።

«መጀመሪያ ለአንቺ ብሎ ነው» አሉ እማማ። «ያቺ ልጅ እግሯን ስትጎትት አንጀቴን በላችው አለኝ። ደህና ነን፣ ምን ቸገረን አለ። እውነትም ደህና ነበርን። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ትራሱ ጋለ። ንገራት አልኩት። ከወሰዱኝ አንቺን ማን ያይሻል አለኝ። ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ቀይሮ በረንዳ ወጣ። እየጮኸ ቁጥሩን ሲነግርሽ ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ የበረንዳውን ብረት ጨብጦ ነበር። ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።»

«ቁጥሩንስ ከየት ነበር የሚያመጡት?»

«ማታ ማታ ይመርጠው ነበር። አንድ ዓይነት ቁጥር ብደጋግምላት ትጠረጥረኛለች፤ ልኩን ይዞ የሚሄድ ሰዓት እንኳ በቀን ትንሽ ይዛነፋል ይለኝ ነበር። ነገ ስምንት ልበላት ወይስ ሰባት ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም አንዳንዴ እመርጥለት ነበር።»

እትዬ ትኩሳት ተናደደች። በሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ቢሆንም ተናደደች፤ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ «ዱሮም ቀዝቃዛ ናት» በፊቷ መጣባት። ከዚያ ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ፤ እዚያም ብዙ አልቆየም፤ ወደ ድካም ተለወጠ። ሰውየው ዋሹ፤ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ያደረገችው ግን እሷ ናት።

«መናገር አለብኝ መሰለኝ እማማ» አለች።

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ንገሪ። ግን ያቺ ጎረቤቴ እንዳትሰማ። ዳቦ ይዛልኝ መጥታ ነው የታመመችው። ደግሞም ከእሷ ሌላ ወደዚህ የሚወጣ ሰው አልነበረኝም።»

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እህቷ መስኮቱ ላይ ናት። ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት፤ እህቷም ሳታቋርጥ ሰማቻት፤ ይህ በሕይወቷ ያልተለመደ ነው።

«በቃ?» አለች በመጨረሻ። «ይኸው ነው? ሰውየው ሞቷል። ዕውሯ አትናገር። አንቺ አትናገሪ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዶክተሩ ሐሙስ ያቀርበዋል።»

«ያቅርበው! ትምህርት ቤት ቢዘጋ የአንቺ ልጅ ነው የሚቀረው? ፋብሪካ ቢዘጋ የአንቺ ፋብሪካ ነው?»

«የስንቱ ሰው እንጀራ ነው የሚዘጋው። እኔ ባልለካሁት።»

«የእኔና የአንቺስ እንጀራ? ከተናገርሽ ውልሽን ያድሱልሻል?» እህቷ ተነሥታ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ያለ ምክንያት አስተካከለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይጥራ። አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

እትዬ ትኩሳት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ጨርቁን ፈታች። ጉልበቷን አየችው። አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር። ዶክተሩ ወንበር ሳበላት። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዋ በደንብ ሠርታለች ብሎ ያመሰገናት ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ያመሰገናትም ባልሠራችው ሥራ ነው። ይህ ከእማማም፣ ከፋብሪካውም፣ ከውሉም ይልቅ አንገበገባት። እህቷ ራት አቀረበች፤ ሁለቱም አልበሉም።

ማክሰኞ እማማን ለካች፤ ምንም አልተናገረችም። ረቡዕ ጠዋት የዶክተሩን በር አንኳኳች። አሁንም ወንበር ሊስብላት ሲነሣ፣ «ቆሜ ልንገርዎት» አለችው። ወረንጦውን አውጥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«የሰዓት ሠሪው ቴርሞሜትር ይህ ነው።»

ዶክተሩ ወረንጦውን አየ፤ እሷን አየ። ገና አልገባውም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ በረንዳው፣ ማታ ማታ ስለሚመረጡት ቁጥሮች፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ስለጋለው ትራስ ነገረችው። እየተናገረች ሳለ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየች። ስትጨርስ ቁጭ አለ።

«ስለዚህ ጎረቤትየዋ ስትገባ ትኩሳት ነበራቸው።»

«ነበራቸው። ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።»

«ሳጥኑ ላይ ግን በሠራተኛ የተለካ ይላል።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ዶክተሩ ዓይኖቹን በመዳፎቹ አሸ። «ከእሳቸው ሌላ እንዲህ ከበረንዳ የጻፉት ስንት ቤት ነው እትዬ?»

ይህን እንደሚጠይቃት መንገድ ላይ አስባበት ነበር። ቁጥሩን ልታሳንስ ትችል ነበር፤ ሁለት ሦስት ብትለው ያምናት ነበር።

«ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ያለው በሙሉ» አለች።

ዶክተሩ ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው፤ ከየት እንደመጣ ራሱም አያውቅም። ክፍሉ ጥግ ላይ እስከ ደረቱ የተከመሩትን ቅጾች አየ። አራት ወር ሙሉ የተሰበሰቡ ናቸው።

«ሌሎቹ ሠራተኞችስ?»

«የሌሎቹን ሌሎቹ ይናገሩ» አለች። «የሚያነክሱት ግን ሁላቸውም ናቸው።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ባልዲ እየጎተተ አለፈ። ዶክተሩ ወረንጦውን አንሥቶ መልሶ ሰጣት።

«ሐሙስ ምን ልበላቸው?» አለ፤ እሷን ይጠይቅ ራሱን አይታወቅም። «ያለ ትኩሳት ይተላለፋል ልል ነበር። አይተላለፍም ልበላቸው ብል ደግሞ ለዚህም ማስረጃ የለኝም። አላውቅም ነው የምላቸው። አራት ወር ሠርቼ፣ አላውቅም።»

«ስለ አባባ ሲናገሩ ፎቁን አይጥሩብኝ» አለች። «ጎረቤትየዋ እንዳትሰማ አደራ ተብያለሁ።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ግን አልሳበም።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዶክተሩ አላውቅም አለ፤ ኮሚቴውም ተቆጣው፤ በየበሩ መለካቱ ይቀጥል ተባለ። አርብ ሠራተኛው ሁሉ ተጠርቶ መዝገቡን በቀይ እስክሪብቶ እንዲያርም ታዘዘ። በእጅህ የለካኸውን ተወው፣ በድምፅ የሰማኸውን አክብበው ተባሉ። ክፍሉ ውስጥ የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የእሷ ገጾች ቀልተው ቀልተው ኩፍኝ የያዛቸው መሰሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው የሥራ ጓደኛዋ፣ «ሁላችንንም አስበላሽን» አለቻትና ሌላ ወንበር ፈልጋ ሄደች። ወዲያው አዲስ ቅጽ ወጣ። «እንዴት ተለካ?» የሚል አምድ ተጨምሮበታል፤ ከሥሩ «በእጅ፣ በስልክ፣ ከሩቅ በድምፅ» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልነበረ አምድ በሦስት ቀን ታተመ።

ለእሷ የተጻፈላት ደብዳቤ አጭር ነበር። የጀመረቻቸውን ቤቶች እስከ መጨረሻ ቀናቸው ትከታተላለች፤ ውሏ ግን አይታደስም። የመጨረሻ ቤቷ የእማማ ሆነ። እህቷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ነግሬሽ ነበር» ማለት መብቷ ነበር፤ አላለችም። ከስፌት መኪናው ላይ ጨርቁን ገፈፈችና በማግሥቱ የትራስ ልብስ መስፋት ጀመረች፤ «ሰው ባያገባም መተኛቱ አይቀርም» አለች።

በሃያ አንደኛው ቀን እትዬ ትኩሳት ሰማንያ ሁለቱን ደረጃ ወጣች። እማማ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መለኪያውን ግንባራቸው ላይ አደረገች። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት።

ቁጥሩን ስታይ ክው አለች። እንደገና ለካች፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት። ባትሪውን አውጥታ መልሳ ከታ ለሦስተኛ ጊዜ ለካች። አሁንም ያው ነው። ማን ያምነኛል ብላ አሰበች። ጻፈችው፤ አዲሱ አምድ ላይ «በእጅ» የሚለውን አከበበች።

«ስንት አለ?» አሉ እማማ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት።»

«እሱ ይህችን ቁጥር አይወዳትም ነበር። የሰነፍ ቁጥር ናት ይላል።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ እትዬ ትኩሳት እንደ ደንቡ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ፤ ጨርሰዋል» አለች። ሺህ ጊዜ ያለችው ቃል ነው፤ አሁን ግን ሲወጣ አፏን ጎረበጣት። አሮጊቷ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«ነገ አትመጪም ማለት ነው።»

«ነገ ሥራም የለኝ እማማ።»

«ጎረቤቴ ከሐኪም ቤት ተመልሳለች ይባላል። ድምፅዋን ከታች እሰማዋለሁ። አትወጣም።» እጃቸውን ዘርግተው የእሷን እጅ ፈለጉ፤ አገኙት። «ሰው ነግሯት ይሆን?»

«እኔ አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ፈርታ ነው። ትፍራ፤ አልፈርድባትም።»

እትዬ ትኩሳት ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችላቸውና ወረደች። ሲወርዱ ጉልበት የበለጠ እንደሚያም የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ መለኪያውን፣ ሰሌዳውንና መታወቂያዋን ለንብረት ክፍል አስረከበች፤ ፈረመች።

በማግሥቱ እህቷ፣ «ዛሬ እስከ ቀትር ተኚ፣ ማንም አይቀሰቅስሽም» ብላት ነበር። እሷ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ማሰር ጀመረች። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻት።

«አሁን ደግሞ ማንን ልትለኪ ነው?»

«በምኑ ልለካ? መለኪያውን አስረክቤ የለ።»

እህቷ ከቁራጮቹ መካከል ወፈር ያለ ጨርቅ መርጣ ወረወረችላት፤ «ያኛው ላልቷል፣ በዚህኛው እሰሪው» አለቻት።

ሰፈሩ ስትደርስ ልጆቹ አዩዋት። ሰሌዳ አልያዘችም፤ መሮጥና አለመሮጥ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እትዬ ትኩሳት በመካከላቸው አልፋ ሕንፃው ውስጥ ገባች። እንደ ወትሮዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አንድ በአንድ ወጣች፤ እንደ ወትሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ያዘች። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ከላይ በር ተከፈተ። የአሮጊቷ እግር ወለሉን እየዳሰሰ እስከ መደገፊያው መጣ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ? አነካከስሽን አውቀዋለሁ።»

«እኔ ነኝ እማማ።»

ድምፃቸው ከአምስተኛ ፎቅ ወረደ፤ «እዚያው እረፊ፣ አትድከሚ። ደህና ነኝ።»

እትዬ ትኩሳት መደገፊያውን ጨብጣ ተነሣች።

«አላምንዎትም» አለችና መውጣት ጀመረች። ሠላሳ አራት ደረጃ ይቀራታል።